የሻሼ ክኒን በሁዳዴ

ሰው የድመቱን መድኃኒት እንዳይዘነጋ ተብሎ፣ ድመት የሚሰማት ሁሉ አሳዳጊዋንም እንዲሰማው ተደንግጓል። ድመታቸውን ሻሼን ልብ የሚያፈጥን እንቅርት ስለያዛት የእትዬ ወርቅያንሱ ልብ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ይንደቀደቃል።

"ክኒኑን አልሰጧትም እንዴ?" አለች ጎረቤታቸው ሙንተሃ።

"በሽሮ ለውሼ ሰጠኋት፤ ተፋችው።"

"በሽሮ? ድመቷም ሁዳዴ ትጾማለች?"

"እሷ ሥጋ ስትበላ ጣዕሙ እኔም ምላስ ላይ ይመጣላ! ጾሜን ልግደፍ?"

"እንግዲያ ተያይዛችሁ ልትሞቱ ነው!" ሙንተሃ ከቤቷ ጥሬ ሥጋ አምጥታ ክኒኑን ወሸቀችበት። ሻሼ ሳታላምጥ ዋጠችው። እትዬ ወርቅያንሱ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ።

ሙንተሃ በየጠዋቱ እንዲህ ስትመላለስ ሰነበተች። ሻሼ ወፈረች፤ የእሷም የአሳዳጊዋም ልብ ረጋ።

"ተመስገን!" አሉ እትዬ ወርቅያንሱ፣ ከንፈራቸውን ጠረግ አድርገው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሙንተሃዬ፣ ነገ ጮማ ጣል አድርጊበት። ለሻሼ ነው የምልሽ።"