ፈረንሳይ ላቀው ሽማግሌ ላከ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ላቀው «ፈረንሳይ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ፈረንሳይን በካርታ እንኳ አይቷት ሳያውቅ ነው። ነገሩ የመጣው ከስልክ ጨዋታ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በኢንተርኔት በገዛ ስሙ ገብቶ ከየአገሩ ሰው ጋር በታንክ ይዋጋል። ሌላው ሁሉ ቤት የሚያህል ከባድ ታንክ ሲመርጥ፣ ላቀው የፈረንሳይ ቀላል ታንክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«ይኼ እኮ ቆርቆሮ ነው!» ይለዋል የሱቅ ሸሪኩ መልካሙ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ስልኩን እያየ።

«ቆርቆሮ ይሁን። ይሮጣል።»

እውነቱን ነው፣ ይሮጣል። የቀላል ታንክ ሥራ ቀድሞ ሄዶ ጠላት የተደበቀበትን ማሳየት ነው፤ ከኋላ ያሉት ከባዶች ያን አይተው ይተኩሳሉ። ከላቀው ኋላ ደግሞ ሰሞኑን የማይጠፋ አንድ ከባድ ታንክ አለ። የባለታንኩ የጨዋታ ስም «ዝምታ» ነው። አንዲት ቃል ጽፎ አያውቅም። ላቀው የገባበት ቡድን ይገባል፣ ከኋላው ይቆማል፣ ላቀውን ሊመታ የመጣውን አመድ ያደርገዋል።

ላቀው ግን የያዘው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ቡሬ የምታስተምረውን ህይወትን ወዷል፤ መውደድም ብቻ አይደል፣ ያለ እሷ ዓለም ጨለመብኝ ብሏል። እሷም ትወደዋለች። የቀረው የእናትና የአባቷ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ትልቅ ሰው አያ ገብረ ኢየሱስ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ቡሬ ሄዱ። የልጅቱ ቤተሰብም እንደ ደንቡ ስለ ልጁ ጠባይ ሲያጠና ሰንብቷል።

አያ ገብረ ኢየሱስ ፊታቸውን ጥለው ተመለሱ።

«ምን አሉ አያ? ይንገሩኝ እንጂ!»

«ምን ይሉ! አባትየው ወንዳወቅ ደህና አድርጎ ተቀበለን። ሚስቱ ደስታነሽም ስብከት ታዳምጥ ነበር መሰለኝ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ሰላም አለችንና ጓዳ ገባች። እሱ ልምከርበት ብሎ ተከተላት። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ‹ልጁ ቀድሞ ይሮጣል፤ ጓደኛው ሲከበብ ዞሮ አያይም› አለን። ምን አድርገህ ነው አንተ?»

ላቀው ክው አለ። ባለፈው ሳምንት ዝምታ ድልድይ ላይ ተከቦ ሲቃጠል ጥሎት ሮጧል። ይህን ያየ ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠው መልካሙ ብቻ ነው። መልካሙ የቡሬ ልጅ ነው! በዚያ ላይ ሰሞኑን ስልኩ በጠራ ቁጥር ከሱቅ ወጥቶ ያንሾካሹካል።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ላቀው በሆዱ። «እንጀራ አብሮኝ እየቆረሰ!»

ሊጣላው አሰበና ተወው። ወሬ ማመላለሱ ካልቀረ ደህና ወሬ ይውሰድ ብሎ፣ መልካሙ እያየው በትዕግሥት መጫወት ጀመረ። ዝምታን ይጠብቃል፣ ይመለስለታል።

ሽማግሎቹ ዳግመኛ ቡሬ በሄዱ ዕለት ላቀው ጭንቀቱን ሊረሳ ስልኩን ከፈተ። ዝምታ እንኳ ያን ቀን ጠፋ። ብቻውን ገብቶ ወዲያው ተቃጠለ።

አያ ገብረ ኢየሱስ እየሳቁ መጡ። «ተሻሽሏል አሉ። ግን ሲናደድ አፉን አይሰበስብም ብለውሃል።»

ይኸም እውነት ነው፤ ያቃጠለውን ሁሉ በጽሑፍ ሲሰድብ ነው የከረመው። ላቀው ወደ መልካሙ ዞረ።

«ቡሬ ከማን ጋር ነው የምታወራው? እውነቱን ንገረኝ።»

መልካሙ ፊቱ ቀላ። «ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ» አለ።

ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል! አያ ገብረ ኢየሱስም ቁርጡን ነገሩት፦ «ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። እንቢ ካሉ ልጅቱን ከልብህ አውጣት።» ላቀው ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለው።

እሁድ ከሰዓት ከቡድናቸው እሱና ዝምታ ብቻ ቀሩ። የጠላት ሰፈር ፊት ለፊቱ ባዶውን ተከፍቷል፤ ትንሽ ቢቆምበት አሸናፊ ነው። ከኋላ ግን ዝምታን ከበውታል። ላቀው ወደ ጎኑ ዞር አለ። መልካሙ የለም፤ ስልኩን ይዞ ወጥቷል። የሚያየው አንድም ሰው የለም።

«ኧረ ይቅርብኝ!» አለና ተመለሰ። ያቺን ቆርቆሮ ከዝምታ ፊት ገተራት። እሷ ስትቃጠል ዝምታ አመለጠ።

በማግስቱ ሽማግሎቹ ቡሬ ሄደው ተመለሱ፤ ሱቁ ደጅ ላይ ሲደርሱ አያ ገብረ ኢየሱስ እንደ ሴት እልል አሉ። «ተሰጠህ! ‹ለሰው ሲል የሚቃጠል ልጅ ነው› አለ ወንዳወቅ!» ላቀው ደስታው አቅሉን አሳተውና መልካሙን አቅፎ ሳመው። እሁድ በበሩ ቀዳዳ አይቶኝ መሆን አለበት አለ በሆዱ።

የአማቶቹን ጉልበት ሊስም ቡሬ ሲሄድ መልካሙን ሚዜ አድርጎ ወሰደው። መንገድ ላይ፣ «ስላደረስክልኝ ደህና ወሬ እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

«የምን ወሬ?»

«ቡሬ ትደውል አልነበር?»

«ለሰብሊ ነዋ! እኔም ሽማግሌ ልልክ ነው እኮ!» አለና መልካሙ ከት ብሎ ሳቀ።

ላቀው ግራ ገባው። እንግዲያ ጨዋታውን ሲያይ የከረመው አባትየው ራሱ ነው ማለት ነው? ቤት ሲገቡ ግን አቶ ወንዳወቅ ለዘመድ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ፤ ቁልፉ የተፋቀ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ስልክ ነው። ላቀው ሐሳቡን ተወውና ጉልበታቸውን ስሞ ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ ዞረ። ጎንበስ ሲል ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ እሁድ ስለ እኔ ብለህ ተቃጠልክ፤ ነገ ከሰዓት በግራ በኩል ገብተን እንበቀላቸዋለን።»