እማዬ፣ መጣሁ!

ሴትየዋ ለአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ ሆና ኖራለች። ጃፓኖች በሣሉት አንድ ካርቱን ውስጥ ቢጫ ጃንጥላ ይዞ ከማዕበል ጋር የሚታገል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ፤ በእኛ ቋንቋ የሚናገረው በእሷ ጉሮሮ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ልጁ በሩን በርግዶ ይገባና «እማዬ፣ መጣሁ!» ብሎ ይጮኻል። ያቺን ጩኸት ሰምቶ እንባ የማይተናነቀው ተመልካች የለም ይባላል።

ማጋነን አይምሰላችሁ። ጢም ያወጡ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግተው ስቱዲዮው በር ላይ ይሰለፋሉ። አንዷ ሙሽራ የልጁን ሥዕል ከሚዜዎቿ አጠገብ አስቀምጣ ተድራለች። ብርድ የገባ ሰሞን ደግሞ ጓንት ይላክለታል። ለሥዕል ጓንት! ለሴትየዋ ግን አንድ ሰው ካልሲ እንኳ ልኮላት አያውቅም፤ ማን መሆኗን ማን አውቆ።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ጉሮሮዋን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄን የልጅ ድምፅ የምትቀጥይ ከሆነ፣ ከማይክ ውጪ ትንፍሽ እንዳትይ። የሚሻልሽ ግን ሥራውን መተው ነው። ከተውሽው እንደ ልብሽ ታወሪያለሽ።»

እሷም ከስቱዲዮ ውጪ ዝም አለች። አብረዋት ለሚኖሩት እናቷ ደብተር ላይ እየጻፈች ታሳያቸዋለች፦ «በልቻለሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ይሄን ሥራ ልለቅ ነው»፣ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» እናትየው ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ስለሆነ፣ ደብተሩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቀስ ብለው ያነባሉ። እንዳይደነግጡ ብላ የሐኪሙን ነገር ደብቃቸዋለች። «ስጮኽ ስለምውል ቤት ውስጥ ማውራት ይሰለቸኛል» ብላ ነው የጻፈችላቸው።

«እሺ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» አሉ።

እግራቸው ከያዛቸው ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አይነሱም። የሚያስፈልጋቸውን አንዲት ጎረቤት ትላላክላቸዋለች። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንደተከፈተ ነው።

«ልለቅ ነው» ብላ ለስቱዲዮው አዘጋጅ ስትነግረው ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አዘጋጁ ለክርክር የሚቸኩል ሰው አይደለም። «አንድ ሳምንት አስቢበት» ይላል። ሳምንቱ ሳያልቅ ደብዳቤ ይመጣል።

ደብዳቤው የላኪ ስም የለውም። ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩን የሳተ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያጋደለ ነው፤ ሁሌም በሐምራዊ እርሳስ ይጻፋል። አዘጋጁ እያነበበላት ድምፁ ይሰበራል፣ እሷም አንጀቷ አይችልምና ስድስት ወር ትጨምራለች። ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ግን ገና ፖስታው ላይ ያለውን ሐምራዊ አድራሻ ስታይ ነቃች። ስቱዲዮው ለእያንዳንዱ ገጸ ባህሪ ንግግር ማስመሪያ የተለየ ቀለም ያለው እርሳስ ያድላል፤ የጃንጥላው ልጅ ቀለም ሐምራዊ ነው። እሷ ራሷ ጽሑፉን ቤት ወስዳ ስታሰምር እርሳሱ እየጠፋባት ስንቴ ሌላ ለምናለች።

«ይሄ የኛው እርሳስ ነው!» አለችው። «አንተ ነህ የምትጽፈው።»

«እኔ?»

«ለመልቀቅ ባሰብኩ ቁጥር እንዴት ያውቃል? ጠንቋይ ነው? ካንተ በቀር ለማን ተነፈስኩ?»

«እኔ እንዲህ መጻፍ ብችል ደራሲ ለምኜ እቀጥር ነበር?» አለና ፖስታውን ገፋ አደረገላት። «ዛሬ የመጣ ነው። አልከፈትኩትም። አንቺው ክፈቺው።»

ፖስታውን ይዛ መቅረጫ ክፍሏ ገባች። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው በስፖንጅ ስለተለበጠ የራስ ትንፋሽ እንኳ ታፍኖ ይቀራል። እዚያ ቆማ አነበበችው።

«ለጃንጥላው ልጅ። እንደምን ከረምክ? እኔ ዛሬም ከቤት አልወጣሁም፣ እግሬ እምቢ ብሎኛል። ቤታችን ጭር ያለ ነው። ሰው ይገባል ይወጣል እንጂ አያናግረኝም። ቀኑን ሙሉ አሥራ አንድ ሰዓትን ስጠብቅ እውላለሁ። እማዬ መጣሁ ስትል እዚህ ሆኜ እመልስልሃለሁ። ሌላ ሰው ድምፅህን ቢያስመስል አውቀዋለሁ። አደራህን ዝም እንዳትል። አንተም ዝም ካልከኝ ምን ቀረኝ?»

ውሸት ነው፣ ይሄ ሰውዬ ሲጫወትብኝ ነው፣ አለች በልቧ። ግን እውነት ቢሆንስ? እግሩ የማይሄድለት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ይሄን ድምፅ ብቻ እየጠበቀ ቢሆንስ?

ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ከሚያሳየው መስታወት ወዲያ አዘጋጁ አዲስ የሥራ ውል ይዞ ቆሟል። የሁለት ዓመት ነው። በሩን ከፈተችው።

«ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው?» አለችው። «አንድ ቤት ውስጥ አብሮ እየኖሩ አንዲት ቃል ይነፈጋል? ልብ የላቸውም?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለና እስክሪብቶ አቀበላት።

ፈረመች። ሁለት ዓመት ጉሮሮዋ እንደማይችል ታውቃለች፤ ግን ፈረመች።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ደብተሩን አነሳች። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሁለት ዓመት ፈረምኩ» ብላ ጻፈች።

እናትየው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ተመስገን! እንኳንም ቀየርሽ!»

እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ቆይታለች። አንድ ነገር ልትላቸው አፏን ከፈተችና ሐኪሙ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

እናትየው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ፤ ልጁ «እማዬ፣ መጣሁ!» ሲል፣ ሐምራዊውን እርሳስ ከብርድ ልብሳቸው ሥር አውጥተው መሳቢያ ውስጥ እየከተቱ «ግቢ፣ የኔ ልጅ» አሉ።