ሁለት ሽርጥ በአንድ ውሃ

ጥቁሯ ጨርቅ ከአሮጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ ውስጥ በዶ ታይ ጣት ተንጠልጥላ ወጣች። ማሽኑ ለጎረቤት ሊሰጥ ነው፤ ወደ ሰው ቤት ከነሻጋታው መላክ ነውር ነው ብላ ዶ ታይ ከጠዋት ጀምሮ በኮምጣጤና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስትፈትገው ውላለች። ጨርቋን በዝናብ ውሃ አለቅልቃ ወደ መስኮቱ ያዘቻት። የሴት ሽርጥ ወገብ ላይ የምትሰፋው ጥቁር ጨርቅ ናት፤ በወንድ ሽርጥ ላይ የለችም።

«ወይ ጉዴ!» አለች።

ውጭ ዝናቡ ወንዙንና ሰማዩን አንድ አድርጓቸዋል። መብራት የለም። ቤቱ አረንጓዴ ብርሃን ውስጥ ተንሳፍፎ የሚሄድ ይመስላል።

ጉድ ማለቷ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ አገሯ ወግ የወንድ ልጅ ግርማ ስስ ነው፤ የሴት ሽርጥ ከልብሱ ጋር ከታጠበ ይገፈፋል፣ ግርማው የተገፈፈ ወንድ ደግሞ ዕድሜም የለው። ዶ ታይ ከተዳረች ጀምሮ ሽርጧን ከባሏ ልብስ ጋር አንድ ውሃ አስነክታ አታውቅም። ይሄን ማሽን ከሱቁ ሁሉ የመረጠችውም ሁለት ጉድጓድ ስላለው ነበር፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ ብላ። ሁለተኛው መጭመቂያ ብቻ መሆኑን ያወቀችው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። እሷ ግን ሳቁን ችላ የራሷን በሳፋ ታጥባለች፤ አሁን የጣቶቿ አንጓ እንደ ዝንጅብል አብጦ፣ በጨመቀች ቁጥር ዕንባዋ ይመጣል።

ልጇ ቲሪ ትናንት አዲስ ማሽን አመጣችላት። በሩ መስታወት፣ ሆዱ አንድ። ዶ ታይ ግን «ሁለት ማሽን ካልሆነ መልሽው» ብላ ስታኮርፍ አደረች፤ ቲሪም አልሰማቻትም።

«ኮ ሶ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለች፤ ባሏን እስከ ዛሬ በወጣትነቱ አጠራር ነው የምትጠራው።

ባሏ ኡ ሶ ከአዲሱ ማሽን አጠገብ የቀርከሃ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ክረምት ቀኝ ጎኑ ተይዞ ቀረ። ጨርቋን አየና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ዓሣ ናት እንዴ?»

«አትቀልድ! የኔ ሽርጥ እዚህ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

«አንድ ቀን ገብቷል» አለ። አፉ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። «ወባ የጣለሽ ጊዜ። ሽርጥሽ ሁሉ በላብ ርሶ ነበር። እኔ ደግሞ በእጅ ማጠብ የት አውቄ! ከኔው ጋር ከተትኩት። ወገቡ ተቀደደ፤ በሌላ ጥቁር ጨርቅ ሰፍቼ መለስኩት።»

«ያ ጠማማ ስፌት! ልብስ ሰፊዋን አይደል እንዴ የተጣላኋት? እስከ ዛሬ መች ሰላም እላታለሁ!»

«በትኩሳቱ ያልሞትሽ በድንጋጤ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዶ ታይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ ለዚህ ነዋ» አለች። «ጎንህ የተያዘው ለዚህ ነው!»

«ያኔ ቲሪ የወተት ጥርሷን አልነቀለችም። ዛሬ የልጅ እናት ናት። ግርማዬን የሚገፍፈው ነገር በኤሊ ተቀምጦ ነው የመጣው?»

ቲሪ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ኡ ሶ ግን አልሳቀም።

«በየጠዋቱ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እንደማይ ታውቂያለሽ? ስትጨምቂ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። አይታየውም ብለሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ተነስቼ እንዳልቀበልሽ እግሬ እምቢ አለኝ። ታይ፣ የኔን ግርማ የገፈፈው እሱ ነው።»

ዶ ታይ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው።

አምፖሉ ብልጭ አለ።

«መብራት መጣ!» ቲሪ እየሮጠች ወጣች። «እማ፣ ቶሎ በይ፤ መብራቱ ለሁለት ዙር አይበቃንም!»

ዶ ታይ የባሏን ሸሚዝና ሰማያዊ ሽርጥ በመስታወቱ በር አስገባች። የራሷ አረንጓዴ ሽርጥ ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ቀረ።

«ብትሞትብኝስ?»

«መሞቴ አይቀርም። ግን በንጹሕ ልብስ ልሙት» አለና ደህናውን እጁን ዘረጋ። «በይ አምጪው።»

«በእጅህ? ኧረ ተው፣ ኮ ሶ!»

«አምጪው አልኩሽ።»

ሰጠችው። ወንድ የማይነካውን ጨርቅ ኡ ሶ በግራ እጁ ጨብጦ፣ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ከሸሚዙ ጎን ወሸቀው። ቲሪ በሩን ዘጋች።

ውሃው ገባ። አረንጓዴው ሲያልፍ ሰማያዊው ይከተላል፣ ሰማያዊው ሲሰምጥ አረንጓዴው ይነሳል። ኡ ሶ የወንዙን ማዕበል በሚያይበት ዓይን ያየዋል። ዶ ታይ ግን የምታየው ልብሱን ሳይሆን የሱን ደረት ነው፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ። የዝናቡና የማሽኑ ድምፅ ተቀላቀለና ዓይኗ ሊከደን ደረሰ።

ድንገት አምፖሉ ጠፋ። ማሽኑ ቀጥ አለ።

«አይ መብራት!» አለች ቲሪ። «እስኪመለስ በሩ አይከፈትም፤ ጠብቁ እንግዲህ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ዶ ታይ ባልዲዋን ጎትታ ከባሏ ወንበር ጋር አስጠጋች።

«ኮ ሶ?»

«እ?»

«ምንም። አለህ ወይ ብዬ ነው።»

«አለሁ።»

ከመስታወቱ ጀርባ፣ በቆመው ውሃ ውስጥ፣ የሸሚዙ እጅጌ በአረንጓዴው ሽርጥ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል።