የገደል ማርያም አርባ ወፎች

ቄሰ ገበዝ መልአኩ ያን ሳምንት እግራቸው አልረጋ ብሎ ሰነበተ። ከመካነ ሰላም የዕድገት በኅብረት ዘማቾች መጥተው ነበር፤ ከመካከላቸው ምናለ የሚባለው ካሜራ አንግቷል።

"አባ፣ ወፎቹን ፎቶ ላነሣቸው ነበር፤ አገር ይያቸው" አላቸው።

እሳቸውም ደስ እያላቸው እሺ አሉ። የገደል ማርያም መሬት በዚያው ዓመት በአዋጅ ተወስዷል። የቀሯት እነዚያ ወፎች ናቸው፤ እነሱም ካልታዩላት ምን ሊታይላት ነው።

ወፎቹ አርባ ነበሩ። በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩት አዕዋፍ፣ ርግቡ፣ ዋኖሱ፣ ጅግራው፣ ቁራው ሳይቀር፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ተሰልፈዋል። የሣላቸው የደብሩ ሠዓሊ አካሉ ነው፤ በዚያ በክፉው ዓመት፣ በስድሳ ስድስት፣ ሙሉውን ዐቢይ ጾም መሰላል ላይ ውሎ። ከዚያ ወዲህ እንደ ወጉ መጋረጃ ተጋርዶባቸው ኖሯል።

መጋረጃውን ቄሱ ራሳቸው ገለጡት። ቀይና ሰማያዊ ዱቄት እጃቸው ላይ ረገፈ። ርግቡ ክንፍ የለውም። ጅግራው እግሩ ብቻ ቀርቷል። ቁራው የነበረበት ቦታ ልሙጥ ግድግዳ ነው።

ምናለ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "ቀለሙ ሙጫ አልገባበትም መሰለኝ፣ አባ" አለ።

ቄሱ ደማቸው ፈላ። የሥዕል ሙጫ የሚወጣው ከከብት ቆዳ ነው፤ ቆዳው ተቆራርጦ፣ ውኃ ውስጥ ተቀቅሎ። ያን ዓመት ከብቱ በድርቅ ያለቀበት ሰው "ሥጋው እንደሁ ጥንብ ነው፣ ለክርስቲያን አይሆንም፤ ቆዳው እንኳ ለማርያም ይሁን" እያለ ሲሰጥ ዘጠኝ ቆዳ ተሰበሰበ። ዘጠኙንም ለአካሉ ያስረከቡት እሳቸው ናቸው። አካሉም "ሽታው ሰው ያስቸግራል" ብሎ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጠበሉ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ትልቁን ድስት እዚያ ጣደ። ታዲያ ያ ሁሉ ቆዳ ወዴት ገባ?

ሽጦታል፣ ሌላ ምን ይሆናል። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ቆዳ ነጋዴውን ጀብሪልን ያዙት።

"ወላሂ አባ መልአኩ፣ ከአካሉ እጅ አንድ ቆዳ አልገዛሁም" አለ ጀብሪል።

"ለሌላ ሰው ሽጦት ይሆናላ።"

"እንጃ። ያን ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነፋስ የሚጥለው ከሲታ ሆኖ ነበር። የሸጠ ሰው እንዲያ ይሆናል?"

ይሄ ቄሱን አላሳመናቸውም። ያን ዓመት ያልከሳ ማን ነበር? የገዛ ልጃቸው ሸዋረግ፣ ያኔ አራት ዓመቷ፣ እግሯ ክር አህሎ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ መግነዟ ሁሉ ተዘጋጅቶላት ነበር። ያተረፈቻት ማርያም ናት። ከደብሩ ልጆች ጋር በየማለዳው ቅሏን ይዛ ጠበል ትወርድ ነበር። ስትመለስ ከንፈሯ ተያይዞ መናገር ያቅታታል፤ እናቷ በእርጥብ ጨርቅ አብሳ ታስተኛታለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ነፍስ ዘራች። ሌላው ደብር በቀን ሦስት አራት ሕፃን ሲቀብር፣ ገደል ማርያም ከዚያ ጾም መግቢያ ወዲህ አንድም አልቀበረችም። ይህን ላደረገች እናት ቆዳዋ ይሰረቅ? ቄሱ ይህን ሲያስቡ መቀመጥ ያቅታቸዋል፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም።

ሰኞ ጠዋት ሕዝቡን ጠበሉ አጠገብ፣ ከአካሉ ጎጆ ፊት ሰበሰቡት። ምናለም ካሜራውን አንግቶ ዳር ቆሟል። ለፋሲካ የታረደ በሬ ቆዳ አስመጡና ከአካሉ እግር ሥር ጣሉት።

"አንድ ቆዳ ስንት ወፍ እንደሚያጣብቅ ዛሬ ባይናችን እናያለን። ቀቅል" አሉት።

አካሉ ቆዳውን ቆራርጦ ድስቱን ጣደ። እሳቱ እስኪይዝ ቄሱ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደዱ። መታገሥ አልሆነላቸውም።

"ሸጠሃል?"

"አልሸጥኩም፣ አባቴ።"

"ሙጫ አድርገኸዋል?"

አካሉ ከድስቱ ሥር ጭራሮ ጨመረ።

"እና የት አደረስከው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ወፎቹን እስክሞት መልሼ እሥላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።"

"እንግዲያው እገዝታለሁ" አሉ ቄሱ፤ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

አካሉ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባቴ፣ እኔን በስሜ ይገዝቱኝ። ሌላ ሰው አይጨምሩ፣ በማርያም።"

ሕዝቡ ተንሾካሾከ። ለካ ግብረ አበር አለው። ቄሱም ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው፤ መስቀሉን ከፍ አድርገው፦

"ከዘጠኙ ቆዳዎች ጥቅም ያገኘ፣ ሽጦም ይሁን ተቀብሎ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከነቤተሰቡ የተወገዘ ይሁን" አሉ።

ሕዝቡ አሜን አለ። አካሉ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ድስቱ መንተክተክ ጀመረ። ሽታው ተነሥቶ ከነፋሱ ጋር ወደ መንደሩ ነጎደ፤ የቆመው ሰው አፍንጫውን ያዘ።

ጥቂት ቆይቶ የደብሩ ሕፃናት ቅል ቅላቸውን እንደያዙ ከየቤቱ እየሮጡ መጡና ማንም ሳያዛቸው፣ እንደ ለመዱት፣ ከድስቱ ፊት ተሰለፉ፤ ከሁሉም ፊት የቆመችው፣ ቅሏን ወደ አካሉ ዘርግታ፣ ሸዋረግ ነበረች።