የአናጢው ሰላምታ
ልጅቷ ስልኩን ከመጻሕፍት ክምር ጋር አስደግፋ «አባዬ፣ ጀምር፤ ሰው በቀጥታ እያየህ ነው» አለችው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው በርና አልጋ ሲሠራ የኖረው አባቷ ያበጡ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሸሸገና የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። የሚጠበቅበት ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ተናግሮ ለመታከሚያ ገንዘብ እንዲያዋጡለት መጠየቅ ብቻ ነበር። የሰው ፊት ግን ከእሳት ይፋጃል፤ በስልክም ቢሆን ያው ነው።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ። «ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች አደጉ? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል? የታመመ ካለባችሁም ይማርላችሁ።» ከዚያ ስለ ሕመሙ በመናገር ፈንታ ሰላምታውን እንደ አዲስ ጀመረ።

«አባዬ፣ በሰላምታ ሊመሽብን ነው እኮ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ፣ ሳቅም እንባም እየተናነቃት። ስልኩን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ አንዲት የማያውቋት ሴት የጻፈችው መልእክት ብቅ አለ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ደህና ነኝ አባባ። ሰሞኑን ደህንነቴን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

አናጢው ለጎረቤቱም፣ ለልጁም፣ ለሐኪሙም ሳይቀር «ደህና ነኝ» ሲል ነበር የከረመው። አሁን ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ ለቅርብ ዘመድ ምስጢር እንደሚያዋይ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እኔማ አሞኛል፣ ልጄ» አለ። «በጣም አሞኛል።»