የግማሽ ቀን ሥልጠና

ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው ባለሙያ በሆቴሉ አዳራሽ አርባ የገጠር ሴቶችን ሰብስቦ ስለ ወደፊቱ አመጋገብ ሲያስተምር አረፈደ። ምድር እንድትተርፍ በሳምንት ሁለት ቀን ሥጋና ወተት መተው አለብን አለ። "መጀመሪያ ይከብዳችኋል፤ ቀስ በቀስ ግን ትለምዱታላችሁ" ሲልም አባበላቸው።

ለምሳ ጥብስ፣ ክትፎና አይብ ተደረደረ። ከሴቶቹ አንዷም ሳህን አላነሳችም። ወይዘሮ የሺመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የሽምብራ ቆሎ ለአጠገባቸው ሴቶች ያድሉ ጀመር።

"እማማ፣ ምነው አይበሉም?" አለ ባለሙያው አጥንቱን እየጋጠ።

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ልጄ። ጾም ነው።"

ባለሙያው ትንሽ አሰበና እጁን ጠርጎ ላፕቶፑን ከፈተ። ለለጋሾቹ በሚላከው ሪፖርት ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "ከግማሽ ቀን ሥልጠና በኋላ አርባዎቹም ተሳታፊዎች ሥጋና ወተት ትተዋል።"