ማርስ! ማርስ! አንድ ሰው የቀረው!

ምንተስኖት ሠራዊቱን ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር ተፎካካሪው፣ የረድኤት ባል፣ በቅናት ዓይኑን ተከለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ካፌ ጓዳ ተሰብስበው ጣት በሚያካክሉ የፕላስቲክ ወታደሮች የጠፈር ጦርነት ይጫወታሉ። ዛሬ ግን የሚሸለመው ያሸነፈ ሳይሆን ሠራዊቱን በቀለም ያሳመረ ነው።

ባልየው ክረምቱን ሙሉ የራሱን ወታደሮች አንበሳ አስመስሎ ሲቀባ ዓይኑ ቀልቷል። ጥፍር በመሥራት የምትተዳደረው ሚስቱ ረድኤት ቀጭን ብሩሿን ይዛ "ላግዝህ?" ስትለው እንኳ፣ "አትንኪብኝ! ጥፍር መሰለሽ እንዴ?" ብሎ አባሯታል።

የምንተስኖት ታንኮች ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ሆነዋል። የጠፈር ልብስ የለበሰ ወያላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ማርስ የሚጣራ ይመስላል። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ሰው ሁሉ ከቦ ያጨበጭባል። ምንተስኖት እኮ መስመር እንኳ አስተካክሎ ማስመር የማይችል ሰው ነው!

"ማን ቀባልህ?" አለው ባልየው፣ ፈገግ ለማለት እየታገለ።

"ስሜን እንዳትናገር ብላ አስምላኛለች" አለ ምንተስኖት። "የኋላ መስታወቱን ግን እየው። ታክሲ ያለ ጥቅስ አይሆንም ብላ የጻፈችው ነው።"

ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ አነበበው፦

"አትንኪብኝ ላለኝ ባሌ ምስጋና ይድረሰው።"